ወንበሩን የያዘና ወንበሩን የፈለገ፦ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ምርጫ እንዴት ይሠራል?

የፕሬዚዳንት ምርጫ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ሲል የፖስታ ሳጥኑ እንደገና በ«ምረጡኝ» ወረቀት ይሞላል። በየመንገዱ ዳር ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ይተከላሉ። ስሞቹን አብዛኞቻችን አናውቃቸውም። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች አካባቢ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ሁሉ ያኔ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደግሞ የምን ምርጫ መጣ?»

የግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ ነው። ቨርጂኒያ ይህን ምርጫ የምታካሂደው በጎዶሎ ቁጥር በሚያልቁ ዓመታት ነው። 2023 ላይ ነበር፣ 2025 ላይ ነበር፣ ቀጣዩ 2027 ላይ ነው። ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር በአንድ ቀን አይውልም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል። በ2020 የፕሬዚዳንት ምርጫ ከተመዘገቡት የቨርጂኒያ መራጮች 75 በመቶ ያህሉ ድምጽ ሰጥተዋል። በ2015ቱ የምክር ቤት ምርጫ የወጡት ግን 29 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ይህ ያሳስበኛል። ብዙዎቻችን የምንኖርበትን ሕግ የሚያወጣው ይኼኛው ምክር ቤት ነውና።

ምክር ቤቱ ምን ይወስናል?

ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ ሌላ ነው፣ ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ሌላ ነው። የቨርጂኒያው መነሻ እስከ 1619 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አሜሪካ የምትባል አገር ከመፈጠሯ በፊት ማለት ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው 100 አባላት ያሉት የዴሌጌቶች ምክር ቤት ነው፤ ዴሌጌት የሚመረጠው ለ2 ዓመት ነው። ሁለተኛው 40 አባላት ያሉት ሴኔት ነው፤ ሴናተር የሚመረጠው ለ4 ዓመት ነው። አንድ ዴሌጌት 86 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። አንድ ሴናተር 215 ሺህ ያህል።

የሰዓት ክፍያ ዝቅተኛው ስንት ይሁን? መንጃ ፈቃድ ለማን ይሰጥ? አከራይ ተከራይን በምን ሁኔታ ያስወጣ? ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ ሜዲኬይድ፣ ማንን ይሸፍን? እነዚህ በአብዛኛው የሚወሰኑት ሪችመንድ ላይ ነው። በ2019 ምርጫ የሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫ ከሪፐብሊካን ወደ ዴሞክራት ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት አዳዲስ ሕጎች ወጡ። የሰዓት ክፍያው ከ7.25 ዶላር ተነሥቶ ሜይ 2021 ላይ 9.50 ገባ፣ ከዚያም በየጊዜው ጨመረ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የመንዳት ፈቃድ ካርድ ማግኘት የጀመሩትም ጃንዋሪ 2021 ነው። ሕጎቹን የሚደግፍም የሚቃወምም አለ። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ለውጥ ያመጣል።

ነባር ተመራጭ ማነው? እጩስ?

ነባር ተመራጭ አሁን ወንበሩን ይዞ የሚገኘው ሰው ነው። እጩ ደግሞ ለመመረጥ የቀረበ ማንኛውም ሰው ነው። ስለዚህ ነባሩም እንደገና ከተወዳደረ እጩ ነው። ነባሩ ጡረታ ከወጣ ወይም ወደ ሌላ ሥልጣን ከሄደ ወንበሩ ክፍት ወንበር ይባላል። ክፍት ወንበር ላይ ፉክክሩ ይጦፋል።

የሚያሸንፈው ብዙ ድምጽ ያገኘው ነው። ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለተወካዮች ምክር ቤት የመረጠ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል።

ነባሩ ለምን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል?

በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች እንደገና ከሚወዳደሩት ነባር ተመራጮች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ይመለሳሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ሰፈር ውስጥ ለ20 ዓመት የቆየን ሱቅ አስቡ። ባለቤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ዱቤ የሰጠው አለ፣ ልጅ ሲታመም ማታ በር የከፈተለት አለ። ከጎኑ አዲስ ሱቅ ቢከፈት ዕቃው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ግን እግሩ የለመደው ወደ ድሮው ነው። አዲሱ ሱቅ መጀመሪያ «መኖሬን እወቁልኝ» ማለት አለበት። ያ ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ይበላል።

ነባሩ ተመራጭም እንዲሁ ነው። ስሙ ታውቋል። ቢሮና ረዳት አለው። የአንዷ የሥራ አጥ ክፍያ ሲዘገይ፣ የሌላው የመኪና ምዝገባ ሲጠላለፍ፣ ቢሮው ደውሎ ያስጨርሳል። ያ ቤተሰብ ይህን አይረሳም።

ከዚያ ገንዘብ አለ። ቨርጂኒያ ለምርጫ ዘመቻ በሚሰጥ መዋጮ ላይ ጣሪያ የላትም። ግለሰብም ሆነ ድርጅት የፈለገውን ያህል ለአንድ እጩ መስጠት ይችላል፤ ይፋ መደረግ ግን አለበት። መዋጮ የሚሰጥ ደግሞ በአብዛኛው የሚያሸንፈውን ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ነባሩ ያዘነብላል። አንድ ገደብ አለ። ጃንዋሪ ላይ የሚጀምረው መደበኛ ስብሰባ እስኪያልቅ ድረስ አባላቱ መዋጮ መሰብሰብ አይፈቀድላቸውም።

ክፍያውም ራሱ ነባሩን ይጠቅማል። ለብዙ ዓመታት የዴሌጌት ደመወዝ በዓመት 17,640 ዶላር፣ የሴናተር 18,000 ዶላር ነበር። በዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት አይከራይም። አብዛኞቹ አባላት ሌላ ሥራ አላቸው። ኡበር እየነዳ ወይም ሁለት ፈረቃ እየሠራ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ለወራት በር ሲያንኳኳ መዋል ይከብደዋል። ስለዚህ ነባሩን ሊገዳደር የሚችለው ሰው ቁጥር ከመነሻው ያነሰ ነው። አንዳንድ ወንበሮች ጭራሽ ተቃዋሚ ሳይቀርብባቸው ያልፋሉ።

የጊዜ ገደብም የለም። ካሊፎርኒያን ጨምሮ 16 ግዛቶች የምክር ቤት አባል ስንት ዓመት ማገልገል እንደሚችል ወስነዋል፤ ካሊፎርኒያ በድምሩ 12 ዓመት ትላለች። ቨርጂኒያ ግን ገዥዋን በተከታታይ ሁለት ጊዜ እንዲመረጥ ስትከለክል፣ የምክር ቤት አባላቷን አትገድብም። ሴናተር ዲክ ሳስሎ ሴኔት የገቡት በ1980 ነው። የወጡት በ2024 መጀመሪያ፣ በራሳቸው ፈቃድ ነው።

ታዲያ ነባሩ የሚወድቀው መቼ ነው?

ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ኖቬምበር ላይ ነው። ብዙ የምርጫ ክልሎች ውስጥ ግን ነገሩ ያለቀው ጁን ላይ ነው።

አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ውስጥ ዴሞክራት በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል። ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራራማው አካባቢ ደግሞ ሪፐብሊካን እንዲሁ። እንዲህ ባለ ቦታ የኖቬምበሩ ውጤት ቀድሞ ይታወቃል። እውነተኛው ፍልሚያ ፓርቲው ውስጥ «እጩያችን ማን ይሁን?» ሲባል ነው። ይህ ቅድመ ምርጫ ፕራይመሪ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በጁን ሦስተኛው ማክሰኞ ይካሄዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ፕራይመሪ መርጦ ድምጽ መስጠት ይችላል። የሚወጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ሰው በሚወጣበት ቀን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ መስጊድ ምእመናን ብቻ ተደራጅተው ቢወጡ ሚዛን ይደፋሉ።

የ2023ቱ ፕራይመሪ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ጁን 20 ቀን ሦስት ነባር የዴሞክራት ሴናተሮች ሴናተር ባልነበሩ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ተሸነፉ። ጆርጅ ባርከር በስቴላ ፔካርስኪ፣ ቻፕ ፒተርሰን በሰዳም ሳሊም፣ ጆ ሞሪሲ በላሽሬሲ ኤርድ። ባርከርና ፒተርሰን ሁለቱም ሴኔት የገቡት ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ነበር። ባርከር የሴኔቱን የበጀት ኮሚቴ ከሚመሩት አንዱ ነበሩ። ያን ያህል የገዘፈ ስም እንዴት ወደቀ?

ካርታውን ማን ሠራው?

መልሱ ያለው ካርታው ላይ ነው። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ከተቆጠረ በኋላ የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ይሰመራል። ዱሮ መስመሩን የሚያሰምሩት የምክር ቤቱ አባላት ራሳቸው ነበሩ። ነባሩ መራጮቹን መረጠ ማለት ይቻላል፤ የሚደግፈውን ሰፈር ያስገባል፣ የማይደግፈውን ያስወጣል።

በኖቬምበር 2020 የቨርጂኒያ መራጮች ይህን ቀየሩት። ሥራው 8 የምክር ቤት አባላትና 8 ተራ ዜጎች ላሉበት ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽኑ በፓርቲ ተከፋፍሎ መስማማት አቃተው። ጉዳዩ ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ፓርቲዎች በኩል ከተጠቆሙት መካከል ሁለት ባለሙያዎች ሰየመ። ባለሙያዎቹ ካርታውን ሲሠሩ ነባሮቹ ቤታቸው የት እንደሆነ ግምት ውስጥ አላስገቡም። ካርታው ዲሴምበር 28 ቀን 2021 ጸደቀ።

ውጤቱ ነባሮቹን አናወጣቸው። አንዳንዶቹ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር አንድ ክልል ውስጥ ራሳቸውን አገኙ። ሉዊዝ ሉካስና ላዮኔል ስፕሩል ሁለቱም ነባር ሴናተሮች፣ ሁለቱም ዴሞክራት ነበሩ። ለአንድ ወንበር ተፋለሙ፤ ሉካስ አሸነፉ። ሌሎች ብዙዎች መወዳደሩን ትተው ጡረታ ወጡ። ባርከር ደግሞ ከዚህ በፊት ከወከሏቸው መራጮች አዲሱ ክልላቸው ውስጥ የገቡት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። የድሮው ሱቅ ደንበኞቹን ትቶ ሌላ ሰፈር ተተከለ ማለት ነው። ስሙ ለአዲሱ ሰፈር ሰው ምንም አይነግረውም።

ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ ነባር ከአካባቢው ሰው የየዕለት ችግር ይርቃል። ቦብ ማርሻል ከ1992 ጀምሮ የማናሳስ አካባቢን ወክለው ምክር ቤት ነበሩ። በ2017 የተገዳደሯቸው የቀድሞ የአካባቢው ጋዜጠኛ ዳኒካ ሮም ዘመቻቸውን በአንድ መንገድ ላይ አተኮሩ። ሩት 28። በዚያ መንገድ ሥራ የሚመላለስ ሰው ትራፊኩ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሮም አሸነፉ።

በአንድ ድምጽ ልዩነት የተወሰነ ነገር አለ?

አለ። እንዲያውም በዕጣ የተወሰነ አለ።

በዚያው በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ውስጥ ነባሩ ሪፐብሊካን ዴቪድ ያንሲ ከዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ ጋር ተወዳደሩ። የመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲን በ10 ድምጽ አስቀደመ። ድጋሚ ቆጠራ ተደረገ። ሲሞንድስ በ1 ድምጽ አሸነፉ፤ 11,608 ለ11,607። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንድ አጠራጣሪ ወረቀት መረመሩ። መራጩ የሁለቱንም እጩዎች ክብ አጥቁሯል፤ በሲሞንድስ በኩል ደግሞ ጭረት አለ። ዳኞቹ ድምጹ የያንሲ ነው አሉ። እኩል 11,608 ሆኑ።

የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ከሆኑ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም ትንንሽ የፊልም መያዣዎች ውስጥ ገባ፣ መያዣዎቹ ከሙዚየም በመጣ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደረጉ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ አንዱን አነሡ። ያንሲ ሆነ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 አብላጫ ያዙ። ከምርጫው በፊት 66 ለ34 ነበሩ።

ሚዛኑ እንዲህ መጥበቡ ብቻውን ፖሊሲ ቀየረ። ለዓመታት ታግዶ የቆየው የሜዲኬይድ መስፋፋት በ2018 በአንዳንድ ሪፐብሊካኖች ድጋፍ ጭምር አለፈ። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አዋቂዎች የጤና ሽፋን ማግኘት ጀመሩ። ሲገመት 400 ሺህ ያህል ሰው ይመለከት ነበር። ሲሞንድስ ደግሞ በ2019 ተመልሰው ከያንሲ ጋር ተወዳደሩና ወንበሩን ወሰዱ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ነገር ያዙ። ድምጽ መስጫ ወረቀት ላይ ከተሳሳታችሁ አትሰርዙ። ወረቀቱን መልሱና አዲስ ጠይቁ፤ ይሰጣችኋል። የተሰጣችሁ ወረቀት የእናንተ ክልል መሆኑንም አረጋግጡ። በዚያው ዓመት ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ 147 መራጮች የተሳሳተ ክልል ወረቀት ደርሷቸው ድምጽ ሰጥተዋል። እዚያ አሸናፊው ያሸነፈው በ73 ድምጽ ነበር።

ነባሩ ጥሩ ቢሠራም ሊወድቅ ይችላል?

ይችላል። አንዳንድ ዓመት ማዕበል ይመጣል። በ2023 ዴሞክራቶች የዴሌጌቶቹን ምክር ቤት በ51 ለ49 ነበር የያዙት። በኖቬምበር 2025 ያ ወደ 64 ለ36 ተለወጠ። 13 ወንበር አንድ ጊዜ ሲገለበጥ ሁሉም ተሸናፊ ሰነፍ ነበር ማለት አይቻልም። በዚያ ቀን የገዥ ምርጫም ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ቀድሞም የፌዴራል ሠራተኞች ከሥራ ሲቀነሱ ከርመዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ እጅግ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በዚያ ደመወዝ ነው። መራጩ በዋሽንግተን ሲቆጣ የሪችመንዱ ነባር ይመታል።

ተሸናፊም ይመለሳል። ላሽሬሲ ኤርድ በ2021 ዴሌጌት ሳሉ በኪም ቴይለር ተሸነፉ፤ በ2023 ነባር ሴናተር አሸንፈው ተመለሱ። ኪም ቴይለርም በተራቸው በ2023 ኪምበርሊ ፖፕ አዳምስን ከ100 ባነሰ ድምጽ አለፉ። በ2025 እነዚያው ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ቴይለር ወንበሩን አጡ።

ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ብኖርስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ አሠራሩ ይለይባችኋል። ሜሪላንድ ሁሉንም የምክር ቤት አባላት የምትመርጠው በየ4 ዓመቱ ከገዥው ጋር ነው። 47 የምርጫ ክልሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 1 ሴናተርና 3 ዴሌጌቶች ይልካል። ስለዚህ ነባሮቹ ብዙ ጊዜ ተቧድነው በአንድ ዝርዝር ይቀርባሉ። ፕራይመሪው ዝግ ነው፤ በዴሞክራትነት ወይም በሪፐብሊካንነት ካልተመዘገባችሁ የዚያን ፓርቲ እጩ አትመርጡም። ወንበር መሃል ላይ ቢለቀቅ ቨርጂኒያ ማሟያ ምርጫ ትጠራለች። ሜሪላንድ ግን የፓርቲው የአካባቢ ኮሚቴ ሰው ያቀርባል፣ ገዥው ይሾማል። በዚህ መንገድ የገባ ሰው በቀጣዩ ምርጫ «ነባር» ሆኖ ይቀርባል። አንድም መራጭ ለዚያ ወንበር ሳይመርጠው ማለት ነው። መታወቅ ያለበት ነገር ይመስለኛል።

ዋሽንግተን ዲሲ ግዛት አይደለችም። 13 አባላት ያሉት የከተማ ምክር ቤት አላት፤ የከተማዋ አስተዳደርም የትርጉም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

እኔ መወዳደር እችላለሁ?

ዜግነት ካላችሁ፣ 21 ዓመት ከሞላችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ 1 ዓመት ከኖራችሁና ቤታችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ትችላላችሁ። ለዴሌጌት 125፣ ለሴናተር 250 የመራጭ ፊርማ ትሰበስባላችሁ። አዋቂዎች ከዚያ በላይ ነው የሚሰበስቡት፤ አንዳንዱ ፊርማ ውድቅ ይሆናልና። አሜሪካ አለመወለድ አያግድም። ፒተርሰንን ያሸነፉት ሰዳም ሳሊም የተወለዱት ባንግላዴሽ ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖረኝስ?

ድምጽ አትስጡ። አትመዝገቡም። ይህን በጥብቅ ነው የምለው። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ውስጥ ቅጽ ስትሞሉ «የአሜሪካ ዜጋ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ በስህተት «አዎ» ማለት የዜግነት ማመልከቻን ሊያበላሽ፣ እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። ቅጹ ካልገባችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ዜግነት የወሰዳችሁ ግን ቀኑ አለፈ ብላችሁ እንዳትቀሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ በምርጫው ቀንም ጭምር ተመዝግቦ በጊዜያዊ ወረቀት ድምጽ መስጠት ይቻላል። ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮም በአካል ሄዶ መምረጥ ተፈቅዷል።

ድምጽ የማይሰጥ ሰው ግን ተወካይ የለውም ማለት አይደለም። የምርጫ ክልል የሚሰመረው በነዋሪ ቁጥር ነው። በ86 ሺው ውስጥ ሕጻናቱም፣ ግሪን ካርድ ያላቸውም፣ ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸውም ተቆጥረዋል። የግዛቱ መሥሪያ ቤት ጉዳያችሁን ካንገላታው ለዴሌጌታችሁ ቢሮ ደውሉ። ዜግነት ሳይጠይቅ ሊረዳችሁ ይችላል። የዴሌጌታችሁን ስም የማታውቁ ከሆነ፣ የቤት አድራሻችሁን የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ከነስልክ ቁጥሩ ይወጣል።